በዓላችንን ከሆቴል አዳራሽ እናውጣው

ይህ ጥሪ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ዜና ለምትሠሩ፣ ለአርታኢዎቻችሁ፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ነው። የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። መስከረም 18 ቀን በያላችሁበት ከተማ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተሰብሰቡ፤ ስትመጡም ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጻፈ አንድ የመረጃ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።

ዕለቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መረጃ የማግኘት መብት እንዲታሰብበት የሰየመው ነው። እኛን የሚመለከቱ ሌሎች ሦስት ቀኖችም አሉ፦ ጥቅምት 23 በጋዜጠኞች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ያለ ቅጣት እንዳይቀር የሚጮኽበት፣ የካቲት 6 የሬዲዮ ቀን፣ ሚያዝያ 25 የፕሬስ ነፃነት ቀን። (ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈች ማግስት በሚገባው ዓመት ከሚያዝያ 25 በቀር ሌሎቹ በአንድ ቀን ይቀድማሉ። የቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ተነሡ።)

አከባበራቸውን እናውቀዋለን። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ በሦስት ሰዓት ተብሎ በአራት ተኩል የሚጀምር የመክፈቻ ንግግር፣ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ሻይ ቡና፣ “ከሰዓት እጥረት የተነሣ ሁለት ጥያቄ ብቻ” የሚል አወያይ፣ ምሳ። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ የቀረው ሰው አብዛኛው አበል ጠባቂ ነው። ማታ በዜና ቀኑ “በተለያዩ ዝግጅቶች ተከብሮ ዋለ” ይባላል። የሆቴል ምሳ አልጠላም፤ አበል መቀበልም በእኛ ደመወዝ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዓሉ የጠያቂዎች ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ንግግር ስናዳምጥ እንውላለን።

ትልቁን ድግስም አይተነዋል። በሚያዝያ 2011 የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ዋና ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ተካሄደ። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች በሚያወጣው ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ150ኛ ወደ 110ኛ የዘለለችበት ጊዜ ስለነበር ደስታው እውነተኛ ነበር፤ እስረኞች ተፈትተዋል፣ የተዘጉ ድረ ገጾች ተከፍተዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ሠንጠረዥ 145ኛ ሆንን። ለዚህ ተጠያቂው ጉባኤው አይደለም፤ ጦርነቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ፣ እስሩ ሁሉ አለበት። ነገር ግን ያን ሁሉ እንግዳ ከሸኘን በኋላ በእጃችን የቀረ የሥራ ልማድ ነበረን ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍራል።

ልማድ የሚሆን ነገር ግን ሕጉ ሰጥቶናል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። “ማንኛውም ሰው” የሚለውን ልብ በሉ፤ ፍሪላንሰሩም፣ ተማሪውም፣ የሥራ መታወቂያ የሌለው የዩቲዩብ ዘጋቢም ይገባበታል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ መልሱ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። መረጃው የሚከለከል ከሆነም ምክንያቱ ይገለጻል። የብሔራዊ ደኅንነት፣ የግለሰብ ምስጢር፣ የካቢኔ ሰነድና የመሳሰሉት በሕጉ ተለይተው የተቀመጡ ናቸው፤ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” እና “የትብብር ደብዳቤ አምጣ” ከነዚህ ውስጥ የሉም። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ሲብስም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ከመካከላችን ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደው ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን በስልክ እንለምናለን፣ ሳይመለስልን ሲቀር “ያደረግነው ጥረት አልተሳካም” ብለን ዘገባውን እንዘጋለን። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ባለሥልጣን መሸሸጊያ ሆናለች፤ እኛው ነን የሠራንላቸው።

ስለዚህ ጥያቄው እንዴት ይጻፍ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የስብሰባው ዋና ሥራ ይህ ነውና። “በወረዳው ለምን ውኃ የለም?” የሚል ደብዳቤ ማብራሪያ ይጋብዛል፣ ማብራሪያ ደግሞ አልጎደለብንም። ሰነድ ጠይቁ። የጉድጓዱ ቁፋሮ ውል፣ የተከፈለው ገንዘብ በየክፍያው፣ ሥራው ይረከባል የተባለበት ቀን፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤው። የትምህርት ቤት ምገባን የምትከታተል ዘጋቢ “ምገባው እንዴት ነው?” ከምትል በዚህ ክፍለ ከተማ ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስንት ተማሪ ተመገበ፣ ለአቅራቢዎች ስንት ተከፈለ፣ አቅራቢዎቹስ እነማን ናቸው ብትል ይሻላታል። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጉዳይ። አምስት ጉዳይ የያዘ ደብዳቤ በአንዱ ሰበብ አምስቱም ይቀሩበታል። ቀኑና ቦታው ይጠቀስ፣ የአዋጁ ቁጥር ይጻፍ። ሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ያ ማኅተም የሌለው ጥያቄ እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል፤ ቀኑ የሚቆጠረውም ከእሱ ነው። ባልደረባችሁ ደብዳቤያችሁን ያንብብላችሁ፤ እሱ ያልገባው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛም አይገባም።

ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሌም 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። መስከረም 18 የገባ ጥያቄ ጥቅምት 18 ቀነ ገደቡ ይሞላል። ከአምስት ቀን በኋላ ጥቅምት 23 ነው። በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ እንገናኝ፤ ሁሉም የተመለሰለትን፣ የተከለከለበትን ደብዳቤ ወይም ባዶ እጁን ይዞ ይምጣ። ዝም የተባለው የአቤቱታውን ረቂቅ እዚያው ከባልደረቦቹ ጋር ይጻፍ።

ጥቅምት 23 ከማሊ የመጣ ቀን ነው። በፈረንጆቹ 2013 የፈረንሳይ ሬዲዮ ጋዜጠኞች ጊስሌን ዱፖንና ክሎድ ቬርሎን ኪዳል ከተማ ላይ ታግተው የተገደሉበት ዕለት ነው። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ስለ ደኅንነታችንም እንነጋገር። አንድ የሕግ ባለሙያ ጋብዙ፤ ንግግር እንዲያደርግ ሳይሆን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ከፍቶ እንዲያስረዳችሁ። አዋጁ በመገናኛ ብዙኃን በኩል በሚፈጸም ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ተብሎ ሳይታሰር በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፤ ስም ማጥፋትንም ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። በተግባር ግን በሌላ ሕግ ስም ሳምንታትና ወራት የታሰሩ ባልደረቦች አሉን። ስለዚህ ከስብሰባው ስትወጡ እያንዳንዳችሁ በኪሳችሁ የጠበቃ ስልክ፣ በቤተሰባችሁ እጅ ደግሞ የአርታኢያችሁ ስልክ ይኑር። ፍሪላንሰር የሆነውን ማን እንደሚጠይቀው በስም ተነጋገሩ፤ ፍሪላንሰር ሲታሰር “የኛ ሠራተኛ አይደለም” የሚል ተቋም አይጠፋም።

የካቲት 6 የሬዲዮ ባልደረቦች ድርሻ ነው። ከተገኙት መልሶች አንዱን ብቻ ወስዳችሁ በአካባቢው ቋንቋ አስተላልፉት፤ የውኃው ውል ዋጋ ጋዜጣ በማይደርስበት ቀበሌ ይሰማ፣ ስልክም ክፈቱ። ከዚህ የበለጠ የሬዲዮ ቀን አላውቅም።

ሚያዝያ 25 ደግሞ ሂሳብ መተሳሰቢያ ይሁን። ቀኑ ራሱ የተገኘው በፈረንጆቹ 1991 የአፍሪካ ጋዜጠኞች ናሚቢያ፣ ዊንድሁክ ተሰብስበው ካወጡት መግለጫ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ጋዜጠኞች ተሰብስበው ወረቀት ላይ ባሰፈሩት ነገር የመጣ ቀን ስለሆነ እኛም ወረቀት እናውጣበት፦ ለማን ምን ጠየቅን፣ ማን በስንት ቀን መለሰ፣ ማን ዝም አለ። በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ ያለ ስድብ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፎ፣ በተሳተፉት ጋዜጦችና ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ይውጣ። የመለሰው መሥሪያ ቤት ከፊት ይጻፍ። በቅንነት የሚሠሩ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች አሉ፣ ከአለቃቸው ጋር የሚታገሉትም እነሱ ናቸው፤ ሠንጠረዡ ለነሱም መከራከሪያ ይሆናቸዋል።

አርታኢዎች ሆይ፣ ለመስከረም 18 ለአንድ ሪፖርተር ግማሽ ቀን ስጡ፤ ከዚያ በኋላም ጥያቄውን እንዲከታተል በወር ሁለት ጠዋት። ዝግጅቶችን በገንዘብ የምትደግፉ ድርጅቶች፣ የአዳራሹን ኪራይ ከወረዳ ለሚመጣ ዘጋቢ መጓጓዣና ለአቤቱታ ጉዳይ ጠበቃ አውሉት። የሙያ ማኅበራት፣ ስማችሁ ባነር ላይ ባይኖርም አባሎቻችሁን ላኩ። በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ ጥያቄ መጻፉን የቤት ሥራ አድርጉት፤ በመዝገብ ቤት የተመታ ማኅተም ያመጣ ተማሪ ነጥብ ይገባዋል።

ቦታ አታጡም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱ፣ ለመጽሐፍ ውይይት የለመድነው ወመዘክር አለ፤ በሌሎች ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ የወጣት ማዕከል ወይም የአንዱ ጣቢያ ስቱዲዮ ይበቃል። አዳራሽ የሚያስፈቅደው ሰው ከአሁኑ ደብዳቤውን ያስገባ፤ የፈቃድ ነገር ጊዜ ይወስዳል። ስድስት ሰው ከመጣ በቂ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ በፊት በየከተማው አንድ አስተባባሪ ምረጡ፤ ማን የትኛውን መሥሪያ ቤት እንደያዘ በቴሌግራም ግሩፕ ይመዝግብ፣ አሥር ሰው አንድ ቢሮ ላይ እንዳይከመር። አበል የለም፤ ቡናውን እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል። ፕሪንተር ያለው ቢሮ ግን ወረቀቱን ይቻል።