የእናቶቻችን ባና

እኛ ከመንዝ የመጣን ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ስንገባ፥ እናቶቻችን ያስያዙንን ባና ከአልጋ ሥር ደበቅነው፤ የኅዳር ብርድ ሲመጣ ግን አፍረን አወጣነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ተሸልቶ፥ ታጥቦ፥ በደጋን ተነድፎ፥ በእንዝርት ተፈትሎ ከሸማኔው ሲደርስ ባናና በርኖስ ይሆናል።

ዛሬ በእርባታ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቻችን ከአዋሲ በግ ጋር ስለ ማዳቀል ሲያወሩ፥ ኪሎውን እንጂ ጠጉሩን አያነሡም። ሥጋው አይብዛ አላልንም፤ እኛም የተማርነው በግ ተሸጦ ነው። ዳሩ ግን በግ የሚታረደው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚሸለተው ደጋግሞ ነው። እንግዲህ ዕቅድ የምንጽፍ ሁሉ፥ ከኪሎው ዓምድ አጠገብ የጠጉር ዓምድ እንጨምር፤ ፈታዮቹንም ሳንጠይቅ አንፈርም።