ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቴክሳስ የተነሣው ሰደድ እሳት ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ፈጀ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሔለን የተባለው ዐውሎ ነፋስ የጆርጂያን ገበሬ ጥጥና የፒካን ዛፍ መሬት ላይ አነጠፈው። የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ እንዲህ ላለው የእርሻ ጥፋት ወደ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ መደበ። መመደቡን አንነቅፍም። የምንጠይቀው ለማንና መቼ ደረሰ ብለን ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሰብል ካሣ ማመልከቻ በመጀመሪያ የተከፈተው ኢንሹራንስ ገብቶ ክፍያ ለተቀበለ ገበሬ ነበር። ኢንሹራንስ ያልነበረው ተራው የደረሰው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ዐውሎ ነፋሱ ካለፈ ከ14 ወር በኋላ። የባለ ኢንሹራንሱ መዝገብ ዝግጁ ስለ ሆነ እርሱን ማስቀደም ለጸሐፊው ሥራ ያቀላል፤ እውነት ነው። የዘር ወራትና የአበዳሪ ቀጠሮ ግን መዝገብ እስኪሟላ አይጠብቁም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለን ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከአገራችን ገበሬ አብዛኛው ኢንሹራንስ የለውም። እንዲህ ያለው ደንብ እንዳለ ተገልብጦ ቢመጣ ከሰልፉ መጨረሻ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ነገ በየሚኒስቴሩ ተቀምጠን ደንብ የምናረቅቀው እኛው ተማሪዎች ነንና ከወዲሁ እንወስን፦ ጉዳቱ የባሰበት ይቅደም፤ የጎደለው ወረቀት በኋላ ይሟላ።