የጎረቤቴ አምስት ኪሎዋት

ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ይህ ዜና አይደለም። ዜናው ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቴ አዲስ ጄኔሬተር መግዛቱ ነው። ገመዱን ሲስበው የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነሣ፤ የመስኮቴ መስታወትም እስከ እኩለ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ አመሸ። በነጋታው ሰላም ልለው ጎራ ስል ያ ሁሉ ጩኸት ምን ሲያበራ እንዳደረ አየሁ፦ ጥቂት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ቻርጅ ላይ የተሰኩ ስልኮች። «አምስት ኪሎዋት ነው ጋሼ» አለኝ ብረቱን መታ መታ እያደረገ፤ የገዛው ኮርማ ይመስል ነበር።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከጩኸት ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። ስለ ባጃጅ ማርሚታ ጽፌ ተሰድቤአለሁ፤ ስለ ሠርግ ድምፅ ማጉያ ጽፌ ከዘመድ ተቀያይሜአለሁ። ሞያሌ በሁለቱም ወገን ጆሮ የማይከበርባት ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ሰውና ዕቃ ያስቆማል እንጂ ድምፅ አያስቆምም። ስለዚህ ጄኔሬተሩንም ሳልነካው አላልፍም።

አምስት ኪሎዋት ለአንድ ቤት ምን ያደርጋል? እንቁጠር። የኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ነው። ቴሌቪዥኑ 80፣ ላፕቶፑ 60፣ ማራገቢያው 60፣ የኢንተርኔት ሳጥኑ ደግሞ 10 ወይም 15 ዋት ቢበሉ ነው። ፍሪጅ በሥራ ላይ 150 ገደማ ይበላል፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ለአፍታ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁሉንም ባንዴ ብትከፍቱ 500 ዋት መድረሳችሁ ያጠራጥራል። የፍሪጁን መነሻ ብትጨምሩበት እንኳ ሁለት ኪሎዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። «እንጀራ ምጣዱስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ምጣድ ብቻውን ሦስት ተኩል ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይጠጣል፤ በቤንዚን እንጀራ የሚጋግር ሰው ደግሞ ጄኔሬተር ሳይሆን ባንክ ነው የሚያስፈልገው። የጎረቤቴም ባለቤት የምትጋግረው በማገዶ ነው፤ አይቻለሁ፣ በልቼአለሁም።

ሐሙስ ዕለት በኬንያ በኩል ወዳለ አንድ ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ በአማርኛ ሰላም ብሎኝ፣ በኦሮምኛ ዋጋ ነግሮኝ፣ በስዋሂሊ ከልጁ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ነው። የሻንጣ ቅርጽ ያለው ትንሽ ኢንቨርተር ጄኔሬተር መደርደሪያው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ለምን እንደማይሸጥ ጠየቅሁት። «ትንሽ ነው፣ ውድ ነው» አለና ትልቁን ነውሩን መጨረሻ ላይ አመጣው፤ «ድምፅም የለው ጋሼ። ድምፅ ከሌለው ጎረቤት በምን ያውቃል?»

እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ተራው ጄኔሬተር 50 ሄርዝ ለመስጠት ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር መዞር አለበት፤ አንድ ስልክ ሰካችሁበትም ብየዳ ሰካችሁበትም ያው 3,000 ነው። ኢንቨርተሩ መንገዱ ሌላ ነው። ሞተሩ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጠዋል፤ ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ መልሶ ንጹሕ 50 ሄርዝ አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ሞተሩ ከሄርዙ ጋር አልታሰረም፤ ጭነት ሲያንስ ዝግ ይላል፣ ሲበዛ ይፈጥናል። ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም ስታቢላይዘር ሳይለምኑ ይሠራሉ። የሆንዳን ባለ ሁለት ኪሎዋት ብንወስድ ክብደቱ 21 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ጎልማሳ በአንድ እጁ ያነሣዋል። ታንኩ 3.6 ሊትር ይይዛል፤ በቀላል ጭነት ያችው ቤንዚን 8 ሰዓት ገደማ ታመሻለች። ድምፁም ሰባት ሜትር ርቃችሁ ስትሰሙት ሁለት ሰዎች ከሚያወሩት ብዙም አይበልጥም። በዲሲቤል ቋንቋ አሥር ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ነው፤ የጎረቤቴን ስንት እጥፍ እንደሆነ እሱን የለካው መስታወቴ ይናገር።

ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር ግን በጥርጣሬ ይነበብ። በትልቁ የሚጻፈው ለአፍታ የሚችለው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚችለው በትንሹ ይጻፋል። 2,000 የሚለው ሳያቋርጥ የሚሰጠው 1,600 ነው። በዚያ ላይ ከፍታ አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት ተኩል በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሞያሌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ናትና 1,600ው ወደ 1,400 ይወርዳል፤ ጄኔሬተሩን ይዛችሁ አዲስ አበባ ብትገቡ ከሩብ በላይ ይጎድልና 1,160 ገደማ ይቀራል። ይህን የሚነግር ሻጭ አልገጠመኝም። የሚነግሩን «ሙሉ ኮፐር ነው» የሚለውን ነው፤ ሽቦው አሉሚኒየም ሆኖ እንኳ ኮፐር ነው።

ሌላም ተንኮል አለ። ውጩ የሻንጣ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ተራ ጄኔሬተር የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ ይዞራል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ካውያ ይዛችሁ ሂዱ። ጄኔሬተሩን ምንም ሳትሰኩበት አስነሡ፣ «ኢኮ» የሚለውን ማብሪያ ክፈቱ፣ አድምጡ። ከዚያ ካውያውን ሰኩ። ሞተሩ አጉረምርሞ ከፍ ካላለ፣ ስትነቅሉትም ዝቅ ካላለ፣ ኢንቨርተር አይደለም። ባለሱቁ ካውያ ስትይዙ ይስቅባችኋል። ይሳቅ።

ከአሜሪካ የሚላክልንን ስጦታም ልንካው። የአጎት ልጅ በፍቅር ጭኖ የሚልከው ጄኔሬተር 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ ዕቃ በኢትዮጵያ በኩል 220፣ በኬንያ በኩል 240 ቮልት፣ በሁለቱም 50 ሄርዝ ይፈልጋል። ለዘመዶቻችሁ ከመላኩ በፊት ንገሯቸው። ከመጣ በኋላ ማስቀየም ነው።

ኢንቨርተር ጄኔሬተር በዓለም ላይ የታወቀው ለካምፒንግ ነው። በእኛ መንገድም ከኬፕታውን ካይሮ የሚነዱ ፈረንጆች መኪናቸው ጣሪያ ላይ ድንኳን ዘርግተው ሲያድሩ ታያላችሁ፤ ከጎናቸው ትንሽዬው ሳጥን ድምፅዋን አጥፍታ ፍሪጅ ታቀዘቅዛለች። በዚህ አገር እውነተኛው ካምፐር ግን የቦረና ልጅ ነው። ከብቱን ይዞ ፎራ የሚወጣው ወጣት ለወራት ሜዳ ያድራል፤ የሚፈልገውም ስልክና ባትሪ መሙያ ብቻ ነው። ለእሱ በጀሪካን ቤንዚን ተሸከም አልለውም፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ሶላር ይበቃዋል፣ ይዟልም። «እንግዲያው ሁላችንም ሶላር እንግዛ» የሚሉኝ የሶላር ሰባኪዎች አሉ። ግዙ። ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ እንገናኝ።

ሰሞኑን የኢንቨርተሩን አሠራር ለባለሱቁ ልጅ ሳስረዳ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፣ አሁንም አልለቀቀኝም። ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲን መልሶ ወደ ኤሲ! ይህንኑ የሚሠራ ግዙፍ መስመር የኬንያዋ ሞያሌ ባለችበት በማርሳቢት ካውንቲ ሜዳ ላይ አያልፍም እንዴ? ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፤ ኢትዮጵያ በእሱ ለኬንያ መሸጥ የጀመረችው በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ሶዶ ላይ ወደ ዲሲ ይለወጣል፣ ሱስዋ ላይ ወደ ኤሲ ይመለሳል። መካከል ላይ ማንም ሊሰካበት አይችልም። ለመሰካት መለወጫ ጣቢያ ይፈልጋል፤ ጣቢያው ደግሞ ለአንድ ትንሽ ከተማ ሲባል የማይሠራ ውድ ነገር ነው። መሐንዲስ ወዳጄ ይህን በትዕግሥት ሲያስረዳኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ሒሳቡ ልክ ነው። ከሥሩ ፍየል የሚያግደው ሰው ግን ሒሳቡን ማን ያስረዳው?

በዚያ ላይ የነፋሱ አለ። እዚሁ ካውንቲ ውስጥ ሎያንጋላኒ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋዋት ያመነጫሉ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል። የእነሱም ሽቦ የሚሄደው ወደ ሱስዋ ነው። ሁለቱም ሱስዋ ይገናኛሉ፤ በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ግን ለዓመታት መብራቷን የምትገዛው ከድንበሩ ማዶ በሚመጣ ትንሽ መስመር ነው። እኛ እርስ በርሳችን በጄኔሬተር የምንጯጯኸው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ በጎረቤቴ ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ አቅጣጫ ቀየረ። ግማሹ እዚያው ነው።

ደግሞም ትልቅነት ዋስትና አይደለም። ኦገስት 25 ቀን 2023 ኬንያ በሞላ ጎደል ስትጨልም፣ የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ተጠባባቂ ጄኔሬተር አልነሣ ብሎ መንገደኛው በስልኩ ብርሃን ተቀመጠ፤ የኤርፖርቶቹ ኃላፊም ከሥራ ተሰናበቱ። ትንሹም ቢሆን ካልተያዘ ያው ነው። በየወሩ አስነሡት። የማትጠቀሙበት ከሆነ ቤንዚኑን ከታንኩም ከካርቦራተሩም አፍስሱት፤ ያረጀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቤንዚኑን ከመንገድ ዳር ቢጫ ጀሪካን የምትገዙም ካላችሁ፣ ነጭ ጋዝ ደባልቆ የማትረፍን ነገር ለማስቆም ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሺልንግ ቀረጥ እንደጣለች አስታውሱ። መንግሥት ያለ ምክንያት አልደነገጠም።

ድምፅ የሌለው ጄኔሬተር አንድ አደጋ አለው፤ ዝምታው ያታልላል። ጎረቤቴ የእሱን ኮሪደር ውስጥ አያስገባም፣ ጆሮው አይችልም። ትንሹን ግን «ይሰረቃል» ብለው መኝታ ቤት ደጃፍ የሚያስነሡት አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። ሌባ ከፈራችሁ በሰንሰለት እሰሩት፣ ግን ደጅ፣ ከመስኮት ርቆ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነው ገመድ ነው። ከጄኔሬተሩ አውጥተው ግድግዳው ላይ ይሰኩታል፤ ቤቱ ሁሉ ይበራል፣ ሁሉም ይደሰታል። ዋናው ማጥፊያ ሳይዘጋ ሲቀር ያ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያገኛል፤ ትራንስፎርመሩም አሳድጎ በብዙ ሺህ ቮልት ወደ ምሰሶው ይልከዋል። ምሰሶው ላይ መብራታችንን ሊመልስ የወጣ ሠራተኛ ሽቦው ሞቷል ብሎ ይነካዋል። ሁለት ኪሎዋት ለዚህ አያንስም፤ አምስቱ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ሆይ፣ ጋዜጣውን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ኤሌክትሪሺያን ጥራና ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ ማዞሪያ፣ ቼንጅ ኦቨር የሚሉትን፣ አስገጥም፤ ከፈለግህ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። በጩኸቱ ጉዳይ መጣላታችንን ከዚያ በኋላ እንቀጥላለን።