የሆርሞን ቁጥር ብቻውን አይፈርድም

አንዲት እናት የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ሆርሞኑ ከልክ በላይ መሆኑን ይናገራል፤ እሳቸው ግን አልከሱም፣ ልባቸው አይመታም፣ እጃቸውም አይንቀጠቀጥም። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ጠየቅኋቸው። «የፀጉር ቫይታሚን እንጂ መድኃኒትስ የለም» አሉኝ። ቫይታሚኑ ባዮቲን ነበር። አቋርጠው በሳምንቱ ሲመረመሩ ውጤቱ ጤናማ ሆነ።

ሆርሞን በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚለካው ለይቶ በሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል አማካይነት ነው። ስልቱን ኢንሱሊንን ለመለካት የፈጠሩት ሮዛሊን ያሎው እና ሰለሞን በርሰን ሲሆኑ፣ ያሎው እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ዛሬ ብዙ የመመርመሪያ ኪቶች ፀረ እንግዳ አካሉን የሚያያይዙት በባዮቲን ነው። በደም ውስጥ ያለው ባዮቲን ሲበዛ ቦታውን ይሻማል፤ ቁጥሩም ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ከእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የምንማረው አለ። ለሰው የተሠራው ታይሮይድን የሚያነቃቃ ሆርሞን መለኪያ የውሻን በትክክል ስለማይለካ ለውሻ የራሱ ተሠርቶለታል። በሰሜን ተራሮች ጭላዳን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ደም ሳይቀዱ የጭንቀት ሆርሞን ቅሪትን ከዓይነ ምድሩ ይለካሉ። በዚህ ሙያ ለአንዱ እንስሳ የሠራ ዘዴ ለሌላው መሥራቱ ሳይረጋገጥ ቁጥሩ አይታመንም። ለእንስሳ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ሊያንስ አይገባም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በባዮቲን ምክንያት የልብ ጉዳት ምርመራው በስህተት ዝቅ ብሎ ከወጣ በኋላ ሕይወቱ ያለፈ ታካሚ መኖሩን ጠቅሷል።

ጥፋቱን በታካሚ ላይ አልጥልም፤ ሳንጠይቅ መድኃኒት የምንጽፍ ሐኪሞችም አለንበት። እናንተም ውድ አንባብያን፣ ለአዋቂ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ባዮቲን የሚበቃ ሲሆን የፀጉርና የጥፍር እንክብሎች ግን ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሊይዙ እንደሚችሉ እወቁ። ለምርመራ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ለታይሮይድ ምርመራ ባዮቲንን ቢያንስ 2 ቀን ቀድሞ ማቆም ይመከራል፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን ግን ሳታማክሩ አታቁሙ። ክትትል ካላችሁ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ተመርመሩ። ውጤቱ ከሚሰማችሁ ስሜት ጋር ካልተስማማ «ይደገምልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ መብታችሁ ነው።