ከመድረክ ወደ ልብ ወለድ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አበው። ድስቱ የተጣደባቸው ሦስቱ ድንጋዮች ቢለወጡም በውስጡ ያለው ወጥ ያው ነው ማለት ነው። ጥንት ለመድረክ የተጻፉትን ቴአትሮች ወስደው በልብ ወለድ መልክ የሚያወጡትን የዘመናችን ደራስያን በዚህ ተረት የሚነቅፏቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ያው ከሆነ ስምና አገር መለወጡ ምን ይጠቅማል? ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና በዛሬው ዓምዳችን ሁለት መጻሕፍትን አንሥተን እንመረምረዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሼክስፒር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የደረሰው «ንጉሥ ሊር» የተባለው ቴአትር የአንድ ሽማግሌ ንጉሥ ታሪክ ነው። ንጉሡ መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ፈልጎ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚወዱት በአደባባይ እንዲናገሩ ያዛቸዋል። ሁለቱ ታላላቆች በከንቱ ውዳሴ ልቡን ያማልሉታል። ታናሺቱ ግን ልጅ ለአባቷ ከሚገባት ፍቅር በላይ አልናገርም በማለቷ ያለ ርስት ትቀራለች። ኋላም እነዚያ ያወደሱት ልጆቹ ፊት ስለ ነሡት ሽማግሌው በዝናብና በዐውሎ ነፋስ ሜዳ ላይ ይንከራተታል።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ጄን ስማይሊ ይህንኑ ታሪክ መሠረት አድርገው በ1991 ዓ.ም. «አንድ ሺህ ኤከር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ፤ በሚከተለውም ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጣቸው። በዚህ መጽሐፍ ንጉሡ በአዮዋ የሚኖር ገበሬ፣ መንግሥቱም በእኛ ልክ አሥር ጋሻ ያህል የሚሆን እርሻ ነው። ዋናው ለውጥ ግን የቦታው አይደለም፤ ታሪኩን የምትናገረው የበኩር ልጁ መሆኗ ነው። ይህች ሴት በመድረክ ላይ ጨካኝ ሆና ትታያለች፤ ለራሷ የምትከራከርበትም ጊዜ አጭር ነው። በመጽሐፉ ግን በልጅነቷ ከአባቷ የደረሰባትን ግፍና ነውር፣ ለብዙ ዘመንም የተሸከመችውን ዝምታ እናውቃለን። ስለዚህ አንባቢው ቴአትሩን አይቶ የሰጠውን ፍርድ እንደ ገና ይመረምራል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሚከራከረው ስለ ርስት ሳይሆን ስለ ሬሳ ነው። ግሪካዊው ሶፎክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በደረሰው «አንቲጎኔ» በተባለው ቴአትር፣ ንጉሥ ክሬዎን አገሩን ሊወጋ መጥቶ የሞተው ሰው እንዳይቀበር ዐዋጅ ያስነግራል። የሟቹ እኅት አንቲጎኔ ግን ዐዋጁን ተላልፋ ወንድሟን አፈር ታለብሰዋለች፤ በዚህም ሞት ይፈረድባታል። በፓኪስታን የተወለዱት ደራሲ ካሚላ ሻምሲ በ2017 ዓ.ም. ባወጡት «የቤት እሳት» በተባለው ልብ ወለድ ታሪኩን ወደ ዘመናችን ለንደን አምጥተውታል። አንድ ወጣት ተታልሎ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ወደ ሰየመው ቡድን ወደ ሶርያ ይሄዳል፤ ከዚያም ተጸጽቶ ሊመለስ ሲል ኢስታንቡል ላይ ይገደላል። የእንግሊዝ አገር ግዛት ሚኒስትር ሬሳው ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ ይከለክላል፤ መንትያ እኅቱም ሬሳው ወደ ተላከበት ወደ ካራቺ ሄዳ ከአጠገቡ ትቀመጣለች።

መጽሐፉ በአምስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል አንድን ሰው ይከተላል። በሶፎክለስ ቴአትር መጋረጃው ሳይገለጥ የሞተው ወንድም በዚህ የራሱ ተራ ደርሶት እንዴት እንደ ተታለለ እናያለን። ሚኒስትሩም በመጨረሻው ክፍል ተራውን ያገኛል፤ ሥልጣኑንና ቤተ ሰቡን በአንድነት ሊጠብቅ የሚታገል ሰው ሆኖ ይታያል። እንግዲህ የተለወጠው ጉልቻው ብቻ አይደለም። ስምና አገር ብቻ የለወጠ ደራሲ በተረቱ ቢነቀፍ ይገባዋል፤ ያልተሰማውን ሰው ያሰማ ግን አዲስ ሥራ ሠርቷል። ሼክስፒርም ራሱ የሊርን ታሪክ ከእርሱ በፊት ከነበረ ቴአትርና ከቀድሞ ዜና መዋዕል ነው የወሰደው።

የሆነ ሆኖ ልብ ወለዱ የቴአትሩን ቦታ አይወስድም። ቴአትር በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ በተመረጠ ቃል ይፈጸማል፤ የሊር በዐውሎ ነፋስ መካከል መጮህ በተዋናይ ድምፅ ሲሰማ የሚሰጠውን ስሜት የተረኩ ገጾች ሊመልሱት አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማንበብ ይሻላል።

አማርኛ በመማር ላይ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን ይህ ነገር መልካም መልመጃ ይሆናል። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ከነዚህ ከአንዱ አንዲት ትዕይንት ይምረጡና፣ በዚያ ቆሞ ምንም ባልተናገረ ሰው አፍ በተራ ዐረፍተ ነገር ይጻፏት። በቴአትር የተናጋሪው ስም በዳር ተጽፎ ንግግሩ ይከተላል፤ በትረካ ግን «አለ»፣ «መለሰ»፣ «አጕረመረመ»፣ «ተማጠነ» ከሚሉት ቃላት የሚስማማውን መምረጥ ግድ ነው። ይህን የለመደ ሹም፣ ነገ ከጠረጴዛው ፊት ዝም ብሎ የሚቆመውን ባለጉዳይ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ለመጠየቅ ቃሉም ልቡም ይኖረዋል።