ቡናው ይቅርብኝ፣ ሻይ ስጡኝ

ከመሸ ቡና የማይቀምስ ሰው በየቤቱ አለ። ሲኒው ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቡናው ይቅርብኝ፣ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ሻይ ካለ ስጡኝ» ይላል። በራዱ ይጣዳል፤ ቅርንፉዱና ቀረፋው ይገባል። እንግዳው ሁለት ብርጭቆ ወፍራም ሻይ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ካደረ በእራቱ ያላክካል እንጂ ሻይን የሚጠረጥር የለም።

መጠርጠር ግን ይገባው ነበር። በክብደት ከተመዘነ ደረቅ የሻይ ቅጠል ከቡና ፍሬ የበለጠ ካፌይን አለው። የእኛ ቡና፣ አረቢካው፣ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው፤ የሻይ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይይዛል። ቡና የሚበረታው እጃችን ስለማይሰስትለት ነው። ለአንድ ትልቅ ኩባያ ቡና 10 ግራም ያህል ዱቄት ሲገባ ለሻዩ 2 ግራም ቅጠል ይበቃል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ ለ240 ሚሊ ሊትር ቡና 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ሲያስቀምጥ ለጥቁር ሻይ 47፣ ለአረንጓዴው ደግሞ ከ30 ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ኩባያ ጥቁር ሻይ የጠጣ ሰው አንድ ኩባያ ቡና ጠጥቷል ማለት ነው። ኬሚስቶቹም ቢሆኑ በመጀመሪያ ተሞኝተዋል። በሻይ ውስጥ ያገኙትን ንጥረ ነገር ሌላ መስሏቸው «ቴይን» አሉት፤ በ1838 እ.ኤ.አ. ከቡናው ካፌይን ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ።

«እኔማ አረንጓዴ ነው የምጠጣው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በእጥፍ ዋጋ ገዝተው፣ ቀለል ያለ ነው ብለው ማታ ማታ ይጠጡታል። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሁሉ የአንድ ተክል ቅጠሎች ናቸው። ልዩነታቸው ከተለቀሙ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ጥቁሩ አየር እንዲያጠቁረው ይተዋል፣ አረንጓዴው ቶሎ በእሳት ወይም በእንፋሎት ይያዛል። ይህ ቀለሙንና ጣዕሙን ይለውጣል፤ ካፌይኑን እምብዛም አይነካውም። ካፌይን ራሱ ቀለም የለውም፤ የብርጭቆውን መንጣት አይቶ መፍረድ ስለዚህ ያሳስታል። ተክሉ ካፌይን የሚሠራው ቅጠሉን ከሚበሉ ተባዮች ለመከላከል ነው፤ አብዝቶ የሚያከማቸውም ለጋው እምቡጥ ላይ ነው። ከእምቡጥ የሚዘጋጀው ነጭ ሻይ፣ ያ ውኃ የመሰለው፣ ከጥቁሩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የጃፓኖቹ ማቻ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ደቆ የሚጠጣ በመሆኑ በራድ ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሻዩ ዓይነት ሳይሆን አፈላላችን ነው። ቻይናዊ ሙሉውን ቅጠል ጨምሮ፣ ከመፍላቱ በፊት ባወረደው ውኃ ሁለት ደቂቃ ዘፍዝፎ ይቀዳል። የእኛ ሻይ ከውሽውሽም ይምጣ ከጉማሮ፣ በማሽን ተሰባብሮና ተድቦልቡሎ የደቀቀ ነው። የደቀቀ ቅጠል ያለውን ቶሎ ይሰጣል። በዚያ ላይ እኛ አንዘፈዝፍም፣ እናፈላለን፤ ከዚያም በራዱን እሳት ዳር አቆይተን እንደገና እናፈላዋለን። አብዛኛው ካፌይን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ምሬት ብቻ ነው። ምሬቱን ለማሸነፍ ስኳር እናበዛለን፤ ስለ ስኳሩ ሌላ ሳምንት እንነጋገራለን።

የመጀመሪያውን ውኃ ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ደፍቶ እንደገና መሙላት ካፌይኑን ያስወግዳል የሚል ምክር ይዞራል። አያስወግድም፤ በዚያ ጊዜ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው፤ አብሮ የሚደፋው ደግሞ ደህና መዓዛ ነው። ከዚህ ሁሉ ብልሃት የሻይ ቤቱ «ቀጭን አድርግልኝ» ይሻላል። አስተናጋጁ በብርጭቆው ላይ የፈላ ውኃ ሲጨምርበት የምትጠጡት ቅጠል በእርግጥም ያንሳል።

ከሁሉ የከፋው የልጆች ቁርስ ነው። ዳቦ በሻይ ያላደገ ማን አለ? የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ብሏል፤ ለልጆች መነሻ ያደረገው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ድርሻዋ 60 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ጠዋት አንድ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ ከተሰጣት አልፋዋለች። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ቡናውን ትታ በሻይ ስትካስ ቁጥሩን መያዝ አለባት፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት ከሌላው ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ይቆያል። በተጨማሪ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ይህኛው ጥፋት የካፌይኑ ሳይሆን የታኒኑ ነው።

ምርጫ ግን አላጣንም። ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ከርከዴ ለብቻቸው ከፈሉ ካፌይን የላቸውም። ሐረሮች ከቡና ቅጠል የሚያፈሉት ቁጢ ግን ከእነዚህ አይመደብም፤ የቡና ቅጠልም ካፌይን አለው፣ ምንም እንኳ እንደ ፍሬው ባይሆን። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷልና ነገ በሚያምር ካርቶን ታሽጎ ወደ እኛው ይመለስ ይሆናል። ብዙ ካፌዎች «የጦስኝ ሻይ» ብለው የሚያቀርቡት ደግሞ ጥቁር ሻይ ላይ ጦስኝ ጣል ተደርጎበት ነው። ስታዙ «ሻይ ቅጠል እንዳትጨምሩበት» በሉ፤ አስተናጋጁ ግራ ተጋብቶ ቢያያችሁም ሒሳቡ ያው ነው።