«ተሰጥኦ ነው» እያላችሁ ትምህርታችንን አትካዱ

ይድረስ ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ

ባለፈው እትማችሁ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያወጣችሁትን የትምህርት መስክ መረጣ ምክር አነበብኩት። ሕክምናው፣ ምህንድስናው፣ ሂሳብ አያያዙ ሁሉም እንደ ወጉ ተተንትኗል። ሥነ ጥበብና ዲዛይን ግን ሁለት መስመር ተወርውሮለታል፦ ተሰጥኦ ስለሆነ በትርፍ ጊዜም ሊሠራ ይችላል! ወንድሜ ይህችን ሁለት መስመር በመቀስ ቆርጦ ቡፌው ላይ ለጥፏታል። ልጁ ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ የምትመኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባትን ነው። እንግዲህ ክቡር አዘጋጅ፣ የእናንተ ሁለት መስመር ቤታችን ገብታ ሥራ ጀምራለች።

እኔ በዲፕሎማው ዘመን ሥዕል ተምሬ፣ ጡረታ እስክወጣ በማተሚያ ቤት ሽፋንና የገጽ ቅንብር የሠራሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያቃጠለኝ ቃል ቢኖር ይኸው «ተሰጥኦ» የሚሉት ነው። ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን «አንተማ ተሰጥቶሃል» ያለኝ ሰው ወዲያው የሚያስከትለው «እስቲ አንዴ ጫር ጫር አድርግልኝ» የሚለውን ነው። ከላይ በነፃ የወረደልህን ምን ብለህ ታስከፍላለህ ማለቱ ነው።

ከላይ የወረደልኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ፣ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ከጀሶ የተሠራ ጭንቅላት ፊት ተቀምጬ በከሰል ስነድፍ፣ መምህሬ ከኋላዬ መጥቶ የስንት ሰዓት ልፋቴን በጨርቅ ጠራርጎ «እንደገና» ሲለኝ ነው። አንገት ከትከሻ ጋር እንዴት ይጋጠማል? የመንገዱ ጠርዝና የቤቱ ጣሪያ ሲርቁ የት ይገናኛሉ? አንድ ቀይ ከአረንጓዴ አጠገብ ሲሆን የሚጮኸው፣ ከቡኒ አጠገብ ሲሆን የሚያንቀላፋው ለምንድን ነው? ይህ ይጠናል፤ ይወደቅበታል፤ ይደገማል። ተሰጥኦ ቢሆን ኖሮ በአናቶሚ «ዲ» ባላገኘሁ።

ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ድረስ ሄደው የተማሩት፣ ተመልሰውም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፣ ተሰጥኦ አንሷቸው ነው? አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። በእናንተ ምክር ቢሄዱ ኖሮ ማዕድናቸውን ተምረው እሑድ እሑድ ይስሉ ነበር። እሳቸው ግን ለንደን፣ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕልን ተማሩት። የሠሩት የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሥሩ ቆማችሁ ቀና በሉና የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ንገሩኝ። ገብረክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተማሩ። እስክንድር ቦጎስያን ለንደንም ፓሪስም ተማሩ፤ ኋላም ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አስተማሩ። እናንተ «አይማሩትም» የምትሉትን ነገር ነው ይህን ያህል ዘመን ያስተማሩት።

«የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የት ዩኒቨርሲቲ ገቡ?» የሚል ብልህ አይጠፋም። እነሱማ ከመምህራቸው እግር ሥር ስንት ዓመት ቀለም በጥብጠው፣ ሸራ አዘጋጅተው፣ መምህሩ የነደፈውን ልብስ ቀብተው ነው ፊት ለመሣል የተፈቀደላቸው። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምንድን ነው? «ታዲያ የሥዕል መግቢያ ፈተና ለምን አስፈለገ?» የሚልም አለ። ሕክምናም ተማሪ ይመርጣል፤ ስለዚህ ሐኪም መሆን ተሰጥኦ ነው ብሎ ልጁን ሳይማር ለቀዶ ጥገና የሚልክ አባት እስካሁን አላየሁም።

ያልተማረ እጅ የሚያመጣውን ማየት የፈለገ ደግሞ ከተማውን በእግሩ ይዙር። ታፔላውን ሁሉ ቀና ብሎ ይመልከት። ቦታው አልሞላ ሲል ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ወደ ጎን ይጎትቱታል፤ ሲጠብ ይጨፈልቁታል። ምስኪኗ «ሐ» ሦስት እግሯን እንደ ጉልቻ አንፈራጣ ትቀራለች። የራሳችን ፊደል ነው እኮ! የላቲኑን ፊደል እንዲህ ቢያደርጉት የሚስቅባቸው እንዳለ ያውቃሉ፤ በእኛ ፊደል ግን የሚስቅ የለም።  ክቡር አዘጋጅ፣ ያንኑ እትም ያንሱና የሽፋኑን ርዕስ ይመልከቱ። እሱም ተጎትቷል። ማን እንደሠራው አልጠይቅም፤ በትርፍ ጊዜው የሠራው መሆኑ ግን ያስታውቃል።

የአለ ፈለገሰላም ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዲግሪ መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥዕል አለ፣ ቅርጻ ቅርጽ አለ፣ ግራፊክ አለ፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን አለ። ጸሐፊያችሁ ግቢው ድረስ ሄዶ አንድ ክፍል በበር ቀዳዳ ቢያይ ኖሮ ከሁለት መስመር በላይ የሚጽፈው ባላጣ ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ይውጣ፤ «ተሰጥኦ» የተባለው ተሰርዞ «ትምህርት» ይባል። ሁለት መስመር ይበቃል። የወጣ ዕለት ሁለት ቅጂ እገዛለሁ፤ አንደኛው ለወንድሜ ቡፌ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ